ካሳ ምንን ይክሳል?

በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ባሕር የምናስበው ጥቂት ነው። ከተማው ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተቀምጧል፤ ማለዳው እንደ አዲስ አበባ ማለዳ ይበርዳል፤ በገበያ የምናየውም ዓሣ ብዙው ከቪክቶርያ ሐይቅ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ነገር ግን በኬንያ ጠረፍ እኛን በስማችን የሚነካ አንድ ጉዳይ ስላለ፣ አንባቢ ታግሦ እንዲያነበው እለምናለሁ። ይኸውም በሰሜን በኩል በላሙ ደሴቶች የሚኖሩት የዓሣ አጥማጆች ነገር ነው።

በማርች 2 ቀን 2012 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገናኝተው የታላቁን ወደብ ሥራ መጀመር አበሠሩ። ሥራው ላፕሴት ይባላል፤ ቃሉ ሲተረጐም የላሙ ወደብና የደቡብ ሱዳን፣ የኢትዮጵያም መጓጓዣ ማለት ነው። እንግዲህ ስማችን በሥራው ስም ውስጥ ተጽፏል። በዕቅዱ ሠላሳ ሁለት መርከቦች የሚቆሙበት ስፍራ፣ ወደ ሞያሌ የሚዘልቅ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ ነበረበት። የመጀመሪያው የመርከብ መቆሚያ በሜይ 20 ቀን 2021 በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቆ ተከፈተ። እኛም በዜና ሰምተን፣ ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር ለሌለው ሕዝብ አንድ ተጨማሪ በር ተገኘ ብለን ደስ አለን። ደስታውም ተገቢ ነበር።

በዚያው ስፍራ ቀድሞ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ግን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

የላሙ ሰው ኑሮ በሁለት ነፋሳት የተከፈለ ነው። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፤ በዚያ ወራት ባሕሩ ይለሰልሳል፣ ባለ ሸራዎቹ ጀልባዎችም የኮራሉን አጥር ተሻግረው ወደ ውጭው ባሕር ይወጣሉ። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው። ኩሲ ብርቱ ነው፤ ማዕበሉን ያስነሣል፤ ትንሽ ጀልባ ይዞ ከአጥሩ ወዲያ መውጣት ሞትን እንደ መፈለግ ይቈጠራል። ስለዚህም ዓሣ አጥማጁ በእነዚህ ወራት በደሴቶቹና በየብሱ መካከል ባሉት ጸጥ ያሉ ውኃዎች፣ በማንዳ የባሕር ወሽመጥና ምካንዳ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከነፋሱ ተጠልሎ ያጠምዳል። ልጁንም የሚያስተምረው በዚያው ነው፤ ልጅ ባሕርን የሚማረው ባሕሩ በማይቈጣበት ስፍራ ነውና።

አዲሱ ወደብ የተሠራው በማንዳ ወሽመጥ ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ታንኳውን ከማዕበል የሚከልለው ስፍራ ትልቁንም መርከብ ይከልላል። መሐንዲሱና ዓሣ አጥማጁ አንዱን ስፍራ የመረጡት ስለ አንድ ጠባዩ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ በዚያ መኖሩና ሁለተኛው በካርታ ማየቱ ብቻ ነው። መርከብ እንዲገባ የወሽመጡ ወለል ተቈፈረ፤ ጭቃው ውኃውን አደፈረሰ፤ ኮራል የተባለው ሕያው የባሕር ድንጋይ ታፈነ፤ በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውና ዓሣ የሚራባበት የማንግሮቭ ደን በከፊል ተመነጠረ። ትልቅ መርከብ በሚያልፍበት መስመርም መረብ መዘርጋት አይቻልም።

የዚህ ሥራ ሰዎች ዓሣ የሚያወጡት ብቻ አይደሉም። በማቶንዶኒ መንደር ጀልባ የሚሠሩ አናጢዎች አሉ፤ ማሌማ የሚባለውን ከእንጨት የተጐነጐነ ወጥመድ የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ በፓቴ ደሴት በኪዚንጊቲኒ ጠልቀው የባሕር ሎብስተር የሚያወጡ ጐልማሶች አሉ። ትንንሹን ዓሣ ገዝተው፣ ጠብሰው በየደጃፉ የሚሸጡ ሴቶችም አሉ፤ በጠረፉ እማማ ካራንጋ ይሏቸዋል። ከእነርሱ በላይ ታጂሪ የሚባለው ነጋዴ አለ፤ እርሱ ለጀልባና ለመረብ ያበድራል፣ አጥማጁም ያገኘውን ለእርሱ ብቻ ይሸጣል። ይህን የምጽፈው የጥንቱ ኑሮ ገነት እንዳይመስለን ነው። ዕዳ ነበረ፤ ድህነት ነበረ፤ ከባሕር ያልተመለሱም ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ የላሙ ዓሣ ማነስ በወደቡ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። የአጥማጆቹም ቍጥር በዝቷል፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ያላደገውን ዓሣ ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል፤ መንግሥት ከዳር የሚጐተተውን መረብ በ2001 ቢከለክልም መከልከሉ በየስፍራው አልተጠበቀም። በጥልቁ ባሕር የሩቅ አገር ታላላቅ መርከቦች ያጠምዳሉ። ከ2011 ወዲህም በሶማልያ ወሰን ሁከት ምክንያት ሌሊት ማጥመድ ለዓመታት ተከልክሎ ነበር፤ ሌሊት ለሚወጣ ዓሣ አጥማጅ ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ከሆነ፣ ቀድሞ እየደከመ የነበረውን ሥራ የጨረሰው ወደቡ ነው ብሎ መክሰስ ይገባልን? የሚል ሰው ይኖራል። የታመመን ሰው የዘረፈ ወንበዴ ‘ቀድሞም ታሞ ነበር’ ቢል ዳኛ አይለቀውም፤ ሕመሙ ዝርፊያውን አያቃልለውም፣ ይልቁንም ያከብደዋል።

የላሙ ሰዎች አቤቱታቸውን ወደ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ወደቡ በተበሠረበት በ2012 ነው። ስድስት ዓመት ተከራከሩ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ሕዝቡ በሚገባ ሳይጠየቅና ሳይነገረው ሥራው መጀመሩን፣ ለንጹሕ አካባቢ ያለው መብት መጣሱን፣ የኑሮውና የልማዱ ነገር በዕቅዱ አለመታሰቡን ገለጠ። ይህ ሁሉ በ2010 በወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ላይ የተመሠረተ ነው። ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆችም 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ። ለእያንዳንዱ ሲካፈል ወደ 380 ሺህ ሽልንግ ይደርሳል። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ገንዘቡን ለማግኘት ከፍርዱ በኋላ ለዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። ኋላም ከካሳው ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዓይነት፣ ይኸውም ለዓሣ ሥራ በሚጠቅም ነገር እንዲሆን ስምምነት ተደረገ።

እነሆ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ገንዘቡ በተከፈለ ጊዜ ዕዳው ተከፈለን?

ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ የተጻፈውን ታሪክ ስናነብ ልማዳችን ወደ ኤልዛቤልና ወደ ሐሰተኞቹ ምስክሮች መቸኰል ነው። ጥቂት ቆይተን መጀመሪያውን ብንመረምር ግን ንጉሥ አክዓብ ያቀረበው ነገር፣ እንደ ገበያ ሕግ ከሆነ፣ ምንም ነውር የለበትም። የወይኑን ቦታ ለአትክልት ስለ ፈለገው፣ ከዚያ የሚሻል ሌላ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር እሰጥሃለሁ አለ። ከዋጋው በላይ እንጂ በታች አልሰጠም። ናቡቴ ግን እንቢ አለ፤ እንቢ ያለውም ዋጋው ስላነሰው አይደለም። የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። አክዓብ ያልገባው ይህ ነው፤ ስለዚህ ፊቱን አዙሮ ተኛ፣ መብልም አልበላም። ዋጋ የሌለው ነገር በዓለም መኖሩን የሚያውቅ ንጉሥ እንዲህ አይኰርፍም ነበር።

አንድ ነገር ልብ እንበል፤ አክዓብ ቢያንስ ጠየቀ። የላሙ ሰዎች በፍርድ ቤት የተናገሩት ዋናው በደል ይህ ነው፤ የጠየቃቸው አልነበረም። መጠየቅ ከንቱ ሥርዓት እንዳይመስለን፣ በዚያው በላሙ ሊሠራ የታሰበውን በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንመልከት። ሕዝቡ በሚገባ አልተጠየቀም ተብሎ በጁን 2019 የአካባቢ ጉዳይ ዳኞች ፈቃዱን ሰረዙት። የተጠየቀ ሰው እንቢ ሊል ይችላል፤ እሺም ሊል ይችላል፤ ሳይጠየቅ የተወሰደበት ሰው ግን ሁለቱንም አጥቷል። እሺ ብሎ ሊሰጥ የሚችለውን እንኳ ስጦታው እንዳይሆን አድርገውበታል።

ፈላስፋው ካንት በ1785 ባወጣው መጽሐፍ ነገርን ሁሉ በሁለት ይከፍላል፤ አንዱ ዋጋ ያለውና በእኩያው የሚተካ ነው፤ ሁለተኛው ከዋጋ ሁሉ በላይ የሆነና ምትክ የሌለው ክብር ነው። ክፍያው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰው ሥራ በየትኛው ወገን ይመደባል? ዓሣው በኪሎ ይሸጣል፤ ጀልባው ዋጋ አለው፤ የቀን ድካምም ቢሆን በሽልንግ ይገመታል። በምካንዳ መተላለፊያ ውስጥ ባምቩዋ የሚባለው የጨረቃ ሙላት ውኃ በሚመጣበት ቀን ዓሣው በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚጠጋ የሚያውቅ የስድሳ ዓመት ሰው ግን፣ ይህን እውቀቱን ወዴት ይወስደዋል? በሞምባሳ አይጠቅመውም፤ በናይሮቢ ፈጽሞ አይጠቅመውም። ለልጁ ሊያወርሰው ነበር፤ ልጁም የሚማርበት ውኃ ተቈፍሯል። ዳኛው የገመተው ያ ሰው ያጣውን ገቢ ነው፤ ሊገምት የሚችለውም ያንን ብቻ ነው። ዳኛውን አልወቅስም። ሚዛን የሚመዝነው የሚመዘነውን ነው።

ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ ጫማ ሰፊው፣ አንጥረኛውና ገበሬው እያንዳንዱ የራሱ ሥራና አገልግሎት እንዳለው፣ በዚያም ከካህኑ እንደማያንስ አስተማረ። ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንናገረው ሠራተኛው በሥራው እንዲተጋ ለመምከር ነው። ወደ ሌላው ወገን ስንመልሰው ግን የሚጠይቀው ባለ ሥልጣኑንና ባለ ገንዘቡን ነው። የሰው ሥራ አገልግሎት ከሆነ፣ ሥራውን የሚያፈርስ ሰው የደመወዝ ምንጭ ብቻ አላፈረሰም፤ ያ ሰው ለጎረቤቱ የሚጠቅምበትን መንገድ ዘግቷል። ዓሣ አጥማጁ ካሳውን ተቀብሎ ቤቱ ቢቀመጥ፣ ሆዱ አልተራበ ይሆናል፤ ነገር ግን የምትጠብሰው ሴት ዓሣ የላትም፣ አናጢው ጀልባ የሚያዝዘው የለም፣ ወጥመድ የሚሠራው ሽማግሌም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፍርዱ የቈጠረው ዓሣ አጥማጆችን ነው።

በዚህ ስፍራ የአንዳንድ ሰባኪዎችን አነጋገር ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ደቀ መዛሙርቱ መረባቸውን ትተው ሄዱ፤ እናንተም ተዉ፣ ጊዜው ተለውጧል፣ የሚል ስብከት ይሰማል። በገሊላ የሆነው እንዲህ አይደለም። እነዚያ ተጠሩ፤ መረቡ የራሳቸው ነበረ፤ ትተውት ሄዱ፤ ኋላም ተመልሰው ሊያጠምዱበት የሚችሉት ባሕር በስፍራው ነበረ፣ ደግሞም ተመልሰዋል። መረቡን የተነጠቀን ሰው የተወ ሰው ብሎ መጥራት መጽሐፉንም ሰውየውንም መበደል ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ወደቡ ባይሠራ ይሻል ነበር አልልም። ከመቶ ሃያ ሚልዮን በላይ የሆነ ሕዝብ የባሕር በር ሳይኖረው፣ ንግዱ ሁሉ ማለት ይቻላል በጅቡቲ በር ብቻ ሲወጣና ሲገባ፣ ሁለተኛ በር መፈለጉ ቅንጦት አይደለም። ማዳበሪያ በዘገየ ጊዜ የሚራበው ገበሬ ነው፤ የመድኃኒት ዋጋ በናረ ጊዜ የሚሞተው ድኻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ፣ 4,600 ሰዎችን ከ120 ሚልዮን ጋር አመዛዝኑ፣ ሒሳቡ ግልጥ ነው ይላል።

ሒሳቡ ግን ግልጥ አይደለም። መደመር የሚቻለው አንድ ዓይነት የሆነውን ነገር ነው። ከወደቡ የተነሣ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ትንሽ ቅናሽ ነው፤ አንድ ብር ከዘይት፣ ሁለት ብር ከስኳር። ከዓሣ አጥማጁ የተወሰደው ግን የአንድ ሰው ሙሉ ኑሮ ነው። የብዙ ሰዎች ጥቂት ምቾት ተደምሮ የአንድ ሰው ሕይወት አይሆንም፤ ሺህ ሰዎች ያላቸው የጥፍር ሕመም ተደምሮ የአንድ ሰው ሞት እንደማይሆን ሁሉ። ደግሞም የብዙዎቹ ጥቅም እውነት ቢሆን፣ ከዚያ የሚከተለው ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ ባለ ዕዳ መሆናቸው ነው እንጂ ጥቂቶቹ ዝም እንዲሉ አይደለም። ካሳ ምጽዋት አይደለም። ካሳ የሚቀበል ሰው እጁን የዘረጋው እንደ ለማኝ አይደለም፤ ገንዘቡን እንደሚጠይቅ አበዳሪ ነው።

አገራችንም ይህን በሌላ መልክ ታውቀዋለች። ከጣልያን ለጦርነቱ በደል በተከፈለው ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ጀመረ፤ አዲስ አበባ መብራት አገኘች፤ ውኃው ግን በአዋሽ ዳር የነበረውን የእርሻና የግጦሽ መሬት ሸፈነ፣ ሰዎቹም ተነሡ። በካሳ ገንዘብ ሌላ ካሳ የሚሻ ሰው ተፈጠረ። ያ መብራት በቤታችን ሲበራ ስለ እነዚያ ሰዎች ያሰብን ስንቶች ነን? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ከወጋውም ከተወጋውም አይደለንም እያልን የምንኖር፣ ከአክዓብ አትክልት የበቀለውን ጎመን የምንበላ ሦስተኛ ወገን ነን። ስለዚህ ሦስተኛ ወገን የሚናገር ሕግ የለም። ጎመኑን የሚበላ ሰው ናቡቴን አልገደለም፤ ስሙንም ላያውቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ካወቀ በኋላ እንዳላወቀ ሆኖ መብላት አይቻለውም።

ካወቀ በኋላ ምን ያድርግ? አለመብላት መልስ አይመስለኝም። ወደቡ ተሠርቷል፤ ወሽመጡ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ መርከቡ ባዶውን ቢመለስ ለላሙ ሰው የሚጠቅመው ነገር የለም። መልሱን ፍለጋ አንድ ነገር ይታየኛል። ካሳ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ወደቡ ግን በየቀኑ ያገለግላል፤ የጠፋውም ነገር በየቀኑ የጠፋ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ተወልዶ ያደገ የኪዚንጊቲኒ ልጅ ከ2018ቱ ፍርድ ምንም አይደርሰውም፤ ያን ጊዜም በዚያ በር የሚገባው ዕቃ እየገባ ነው። እንግዲህ ዕዳው ቀጣይ ከሆነ ክፍያውም ቀጣይ ሊሆን ይገባዋል። በዚያ በር ከሚያልፍ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ሳንቲም ለዚያ ሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ለጀልባውም ሆነ ለበረዶ ማከማቻው ቢቈረጥ፣ በአዲስ አበባ ያለው ገዢ ልዩነቱን አይሰማውም። ይህ ከካሳ ይልቅ እንደ ድርሻ ነው፤ ድርሻ ያለው ሰውም በጉዳዩ ይጠየቃል፣ በሸንጎውም ይቀመጣል።

ለወጣቶቹ በወደቡ የሚሠሩበትን ሙያ የሚያስተምር ዕርዳታ መሰጠቱን ሰምተናል፤ መልካም ነው። ትልቅ ጀልባና ሞተርም ቢሰጥ መልካም ነው፤ ከኮራሉ አጥር ወዲያ በኩሲ ወራት ለመውጣት ያስችላልና። ነገር ግን ሞተር ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጥልቁ ባሕር ሌላ እውቀት ይፈልጋል፣ የሚያስተምር ሰው ካልተጨመረ ሞተሩ በሁለተኛው ዓመት ዳር ላይ ዝጎ ይቀመጣል።

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል በኢሲዮሎና በሞያሌ መንገድ ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የላሙን ወደብ ለማየት ይሄዳሉ። ላሙ የሄደ ሰው በ2001 በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈውን የድሮውን ከተማ፣ ጠባቦቹን መንገዶችና አህያዎቹን አይቶ፣ ከወደቡም ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ከእነርሱ አንዱ ከሚያዝያ በኋላ ኩሲ በሚነፍስበት ወር ቢሄድ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ይቀመጥና፣ ዛሬ በዚህ ነፋስ ወዴት ሄዳችሁ ታጠምዳላችሁ? ብሎ ይጠይቅልን። የሚመልሱለትንም ጽፎ ቢልክ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።